አየር ፍራሽ ለጽኑ ሕሙማን፦ ድሬዳዋ ላይ ከመግዛታችሁ በፊት

ከባድ አደጋ ደርሶበት ራሱን ሳያውቅ ለተኛ ሰው ቤተሰብ ከሚገዛቸው ዕቃዎች ሁሉ ገንዘቡ የማይቆጭበት አየር ፍራሹ ነው፤ በደንብ ከተዘረጋ። ሥራው ሳይንቀሳቀስ የተኛ ሰው ቆዳ በግፊት እንዳይቆስል መከላከል ነው። ታማሚያችሁ ድል ጮራም ይተኛ ሐረር ሕይወት ፋና፣ መጀመሪያ ነርሷን ጠይቁ። ክፍሉ የራሱ ካለው አትግዙ። አከርካሪው ወይም ዳሌው የተሰበረ ሰው ላይ ደግሞ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይዘርጋ፤ ከሥር እየተነፋ የሚተነፍስ ነገር ያልጸና አጥንት ያንቀሳቅሳል።

ርካሹ እንደ እንቁላል ትሪ ጉብ ጉብ ያለው ባለ ፊኛ ነው። ፊኛዎቹ በሁለት ተራ ይከፈላሉ፤ አንዱ ሲነፋ ሌላው ይተነፍሳል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ገደማ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ግፊት አይከርምም። ቀጭን ስለሆነ ለከባድ ሰው በፊኛ ፈንታ ወፋፍራም የአየር ቱቦዎች በአግድም የተደረደሩበት ዓይነት ይሻላል።

ሲዘረጋ የሆስፒታሉ ስፖንጅ ፍራሽ አይነሳ፤ ይሄ ከላዩ ነው የሚነጠፈው። ፓምፑ እግርጌ በኩል አልጋው ብረት ላይ ይንጠለጠላል፣ ቱቦው አይታጠፍ። ታማሚው ሳይተኛበት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይነፋ፤ ከዚያ ማስተካከያውን በክብደቱ ልክ አድርጉ። ዋናው ፈተና ይሄውና፦ መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ በታማሚው መቀመጫ ትክክል ከአየር ፍራሹ ሥር አስገቡ። አጥንቱ እጃችሁን ከነካው፣ ወይም በመሀል 2.5 ሴንቲ ሜትር አየር ከሌለ፣ ፍራሹ እየሠራ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው አንሶላው ላይ ነው። ጋቢ፣ ብርድ ልብስና ላስቲክ ተደራርቦ ሲነጠፍ የፊኛው ሥራ ይጠፋል። በድሬ ሙቀት ላስቲኩ ላይ ላብ ይጠራቀማል፣ የራሰ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል። አንድ ስስ የጥጥ አንሶላ፣ ሳይወጠር፣ ይበቃል።

ፍራሹ ማገላበጥን አያስቀርም፤ ሻጮች የሚሉትን አትስሙ። የተለመደው በየ2 ሰዓቱ ነው፣ ሙሉ በሙሉ በጎን ሳይሆን ጀርባው ሥር ትራስ አስገብቶ 30 ዲግሪ ያህል ማዘንበል። የመተንፈሻ ቱቦ ያለበትን ግን አስታማሚ ብቻውን አይንካው፤ ነርስ ቱቦውን ትያዝ። ራስጌው በሐኪም ትእዛዝ ቀና ሲል ታማሚው ወደ እግርጌ ይንሸራተታል፣ መቀመጫው ላይ ያለው ቆዳም ይጎተታል። ስትመልሱት ሁለት ሆናችሁ በአንሶላው አንሱት እንጂ አትጎትቱት። ተረከዝን ይሄ ፍራሽ አያድነውም፤ ባቱ ሥር ትራስ አድርጋችሁ ተረከዙ አየር ላይ ይዋል። ውኃ የተሞላ ጓንት ማስቀመጥ ግን ልማድ ነው እንጂ አይረዳም።

በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት ላይታይ ይችላል። መቀመጫውን፣ ተረከዙን፣ ጆሮውንና የጭንቅላቱን ኋላ በእጅ ዳስሱ፤ ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም የጠቆረ ነገር ካለ ያኔውኑ ለነርስ ንገሩ። በቫዝሊን ማሸት የተጎዳውን ሥጋ የባሰ ይጎዳዋል።

መብራት ሲጠፋ ፊኛው ቀስ በቀስ ይሟሽሻል። ሁለቱን ቱቦዎች ከፓምፑ ነቅሎ አጥፎ ማሰር ለጥቂት ጊዜ ያቆየዋል፣ ማገላበጡን ግን ያኔ አጥብቁት።

ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ የሚሸጥ ተራ የሚነፋ ፍራሽ ምትክ አይሆንም፤ አየሩ አይለዋወጥም። ትክክለኛውንም ቢሆን ሱቁ ውስጥ አሰክታችሁ ሁለቱም ተራ ሲነፋ ሳታዩ ብር አትቁጠሩ፤ መጣፊያው ካርቶኑ ውስጥ መኖሩንም እዩ፣ መርፌ ባለበት ክፍል መበሳቱ አይቀርምና።