ግራመር ስኩል ወይስ ሰከንደሪ ሞደርን?

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ ከተሞች ያደጉ ልጆች እስከ አሥራ አንድ ዓመታቸው ድረስ አብረው ነበሩ፤ በአንድ ግቢ ይሯሯጣሉ፣ መንግሥት በነጻ የሚያድለውን ወተት ከትንንሽ ጠርሙስ ይጠጣሉ። ከዚያ «ኢሌቨን ፕላስ» የተባለው ፈተና ይመጣና የአንድ ሰፈር ልጆችን ይለያያል።

ፈተናውን ያለፈ ልጅ ግራመር ስኩል ወደተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይገባል። ላቲን፣ ፈረንሳይኛ፣ ፊዚክስ፣ የማያልቅ የቤት ሥራ፣ ከ1951 ጀምሮ ደግሞ በ16 ዓመት ገደማ የሚወሰደው ኦ-ሌቭል የተባለ ፈተና። መንገዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ያደርሳል። የደንብ ልብሱ ግን የሠራተኛውን ቤተሰብ ኪስ ይፈትን ነበር፤ የሰፈር ልጅ እንዳያሾፍበት ቆቡን ቦርሳው ውስጥ የሚደብቅም አይጠፋም።

የቀረው፣ ማለትም አብዛኛው ልጅ፣ ሰከንደሪ ሞደርን ይሄዳል። ለወንዶች የእንጨትና የብረት ሥራ፣ ለሴቶች ምግብ ማብሰልና ስፌት ይበዛል። ከ1947 ጀምሮ ትምህርት በ15 ዓመት ማቆም ይቻል ስለነበር ብዙዎች ያለ ምንም የምስክር ወረቀት ፋብሪካ ወይም ሱቅ ይቀጠራሉ። ሁለቱ በክብር እኩል ናቸው ይባል እንጂ ገንዘቡም መምህሩም ወደ ግራመሩ ያደላ ነበር።

ለልጅነት ነፃነት ሰከንደሪ ሞደርን ሳይሻል አይቀርም፤ ለዕድል ግን ግራመር፣ ያውም ያለ ጥርጥር። እኔን የሚያንገበግበኝ የሴቶቹ ነገር ነው፦ በአንዳንድ አካባቢዎች በግራመር ስኩል ያላቸው ቦታ ጥቂት ስለነበር ከወንዶች የበለጠ ነጥብ ይጠየቁ ነበር።

በ1965 መንግሥት ሁሉንም የሚቀበሉ ኮምፕሪሄንሲቭ ትምህርት ቤቶች እንዲስፋፉ ጠየቀ። የእንግሊዟ አውራጃ ኬንት ግን ዛሬም ልጆቿን ትፈትናለች።