ኮሌጅ ስኮርካርድ፦ ኤ እና ቢ ለተቀላቀለበት ትራንስክሪፕት ምን ያህል ይጠቅማል?

ኮሌጅ ስኮርካርድ የአሜሪካ ፌዴራል ትምህርት መሥሪያ ቤት በ2015 አሻሽሎ እንደገና የከፈተው የኮሌጅ ማወዳደሪያ ድረ ገጽ ነው። ነፃ ነው። ስም፣ ኢሜይልም ሆነ ስልክ ቁጥር አይጠይቅም። «ኮሌጅ እናግኝልዎ» የሚሉ አንዳንድ ገጾች የልጁን አድራሻ ተቀብለው ለማስታወቂያ ያውሉታል፤ ይኸኛው የሚሸጠው ነገር የለውም። እዚህ የምንገመግመው ለአንድ ዓይነት ተማሪ ነው፦ ጂፒኤው (የትምህርት ቤት አማካይ ውጤቱ) ከ3.0 እስከ 3.5 የሆነ፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ አንድ ሁለት ሲ ያለበት ወይም ሂሳብ ላይ የተንገዳገደ፣ ቤተሰቡም ሙሉውን ዋጋ መክፈል የማይችል። ለእንዲህ ያለ ልጅ ስኮርካርድ ዋጋ በማሳየት በኩል በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው። የመግባት ዕድልን ለመገመት ብቻውን ከተያዘ ግን ያሳስታል።

ከዋጋው እንጀምር። የኮሌጁን ስም ጽፈው ወደ ወጪው ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ የሚታየው አማካይ ዓመታዊ ወጪ ነው። የትምህርት ክፍያ፣ መጽሐፍ፣ መኖሪያና ምግብ ተደምሮ፣ ግራንት (የማይመለስ ዕርዳታ) እና ስኮላርሺፕ የተቀነሰለት ማለት ነው። እሱ ላይ አይቁሙ። ከሥሩ በቤተሰብ ገቢ በአምስት የተከፈለ ሰንጠረዥ አለ፦ እስከ 30,000 ዶላር፣ እስከ 48,000፣ እስከ 75,000፣ እስከ 110,000 እና ከዚያ በላይ። የራስዎን መስመር ያንብቡ። ብዙ ወላጅ የግል ኮሌጅን በተለጠፈው ዋጋ ደንግጦ ገና ሳያየው ይሰርዘዋል፤ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ግን ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ረክሶ የሚገኝ የግል ኮሌጅ አለ።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። እዚያ የተጻፈው የኢን ስቴት፣ ማለትም የዚያው ስቴት ነዋሪ የሆነ ተማሪ የሚከፍለው ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ቤተሰብ ቨርጂኒያ ያለውን ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ሲከፍት የሚያየው የቨርጂኒያ ነዋሪን ዋጋ ነው። ከቤት እየተመላለሱ የሚማሩበት ርቀት ቢሆንም የሜሪላንድ ልጅ እዚያ አውት ኦፍ ስቴት ነው፤ ሂሳቡም ሌላ ነው።

ስለዚህ ስኮርካርድ ላይ ዋጋው ደህና የመሰለውን ኮሌጅ ወደ ራሱ ድረ ገጽ ሄደው በኔት ፕራይስ ካልኩሌተር (የእርስዎ ቤተሰብ የሚከፍለውን በሚገምተው ማስሊያ) ያረጋግጡ። የፌዴራል የተማሪ ዕርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ ይህን እንዲያስቀምጥ በ2008 የወጣው ሕግ ያስገድዳል። ያለፈውን ዓመት የታክስ ወረቀት፣ ደብሊው ቱ (አሠሪ የሚሰጠው የዓመት ደመወዝ ወረቀት) እና የባንክ ሂሳብ መጠን ይዘው ይቀመጡ። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዱ፣ ሱቅ ያላቸው ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱት ጠቅላላ የገባውን ገንዘብ ሲጽፉ ነው። የሚጻፈው ነዳጁ፣ ጥገናውና ሌላው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ያለው ትርፍ ነው፤ ሼጁል ሲ በሚባለው የግል ሥራ የታክስ ቅጽ ላይ መስመር 31። ይህ ስህተት ብቻውን ውጤቱን በብዙ ሺህ ዶላር ያዛባል። ካልኩሌተሩ ጂፒኤ ይጠይቅ እንደሆነም ልብ ይበሉ። ካልጠየቀ በውጤት የሚሰጠውን ስኮላርሺፕ አልቆጠረም ማለት ነው፤ ትክክለኛው ዋጋ ካሳየዎት ዝቅ ሊል ይችላል።

አገር ቤት ለእናት ለአባት የሚላከው ገንዘብ ካልኩሌተሩም ፋፍሳም (የፌዴራል የተማሪ ዕርዳታ ማመልከቻው) ላይ አይቀነስም። እነሱ አብረው ስለማይኖሩ በቤተሰብ ቁጥር ውስጥም አይገቡም። ያለው መንገድ ኮሌጁ ልጁን ከተቀበለው በኋላ ለፋይናንሻል ኤድ (የገንዘብ ዕርዳታ) ቢሮው ገንዘቡ የተላከበትን ደረሰኝ አያይዞ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ቢሮው ሁኔታውን አይቶ የማስተካከል ሥልጣን አለው፣ ግዴታ ግን የለበትም።

የምረቃው ቁጥር ማብራሪያ ይፈልጋል። ስኮርካርድ የሚያሳየው በገቡ በ8 ዓመት ውስጥ የጨረሱትን ነው። ለአራት ዓመት ለሚቆጥብ ቤተሰብ ይህ በጣም ሰፊ ነው። ያው የፌዴራል መንግሥት ያዘጋጀው ኮሌጅ ናቪጌተር በ4 እና በ6 ዓመት የጨረሱትን ለይቶ ስለሚያሳይ ለዚህ እሱን ይጠቀሙ። የደመወዙም ቁጥር እንዲሁ ነው፦ ከገቡ ከ10 ዓመት በኋላ፣ የፌዴራል ዕርዳታ የወሰዱትን ብቻ፣ የተመረቀውንም ያቋረጠውንም ደባልቆ ነው የሚሰጠው። ነርሲንግና ኢንጂነሪንግ የበዛበት ኮሌጅ በዚህ መለኪያ ከሌላው በልጦ መታየቱ አይቀርም። ልጁ የሚማረው ታውቆ ከሆነ ወደ ትምህርት ዘርፎቹ ክፍል ገብተው የዚያን ዘርፍ ገቢና ዕዳ ለብቻው ይዩ።

ስኮርካርድ የሚደክመው የመግባት ዕድል ላይ ነው። ካመለከቱት ስንት መቶኛውን እንደሚቀበልና የሳት (የኮሌጅ መግቢያ ፈተና) ውጤት ያሳያል፤ ጂፒኤ የሚባል ነገር ግን የለበትም። የሳት ውጤቱም ፈተናውን በማያስገድዱ ኮሌጆች የላኩትን ተማሪዎች ብቻ የሚመለከት ነው፤ የሚልኩት ደግሞ ጥሩ ያመጡት ስለሆኑ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል። 3.3 ያለው ልጅ ይህን አይቶ ተስፋ መቁረጥ የለበትም።

የጎደለውን የሚሞላው ኮመን ዴታ ሴት ነው። ብዙ ኮሌጆች በየዓመቱ የሚያወጡት ሰነድ ሲሆን፣ የኮሌጁን ስም ከ«ኮመን ዴታ ሴት» ጋር ጽፈው ቢፈልጉ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ረጅም ነው፣ የሚያስፈልጉት ግን ጥቂት ገጾች ናቸው። ሲ7 ኮሌጁ ምን እንደሚያይ በደረጃ ያስቀምጣል፤ የኮርሶቹ ክብደት፣ ጂፒኤ፣ ፈተና፣ ድርሰት፣ የሥራ ልምድ፣ ለኮሌጁ የታየ ፍላጎት ሁሉ አሉበት። ከትምህርት በኋላ ሥራ እየሠራ ለተማረ ልጅ የሥራ ልምድን ከፍ አድርጎ የሚመዝን ኮሌጅ ትልቅ ነገር ነው። ሲ11 የገቡት ተማሪዎች ጂፒኤ እንዴት እንደተከፋፈለ ያሳያል፤ ልጅዎ ከመካከለኛው ቡድን በላይ ከሆነ ስኮላርሺፕ የሚጠበቅበት ቦታ ነው። ኤች2ኤ ደግሞ ያለ ገንዘብ ችግር በውጤታቸው ብቻ ስንት ተማሪዎች በአማካይ ስንት እንደተሰጣቸው ይናገራል። ይህ ክፍል ባዶ ወይም በጣም ትንሽ ከሆነ ያ ኮሌጅ ለውጤት ገንዘብ እምብዛም አይሰጥም፤ ይህን በመስከረም ማወቅ በሚያዝያ ከማወቅ ይሻላል።

ከማወዳደርዎ በፊት ከትምህርት ቤቱ ካውንስለር ሁለቱንም ጂፒኤ ይጠይቁ፣ ዌይትድ የሆነውንም (ለከባድ ኮርስ ተጨማሪ ነጥብ የሚሰጠውን) ያልሆነውንም። ኤፒ እና ኦነርስ የሚባሉትን ከበድ ያሉ ኮርሶች የወሰደ ልጅ በአንዱ 3.3፣ በሌላው 3.9 ሊሆን ይችላል። አማካዩ ከ4.0 በላይ የሆነ ኮሌጅ የተጠቀመው ዌይትድ የሆነውን ስለሆነ የሚነጻጸረውም ከዚያው ጋር ነው። ኮሌጆቹ ራሳቸው እንደገና የሚያሰሉበትም ጊዜ አለ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ጂፒኤ የሚያሰላው በአሥረኛና በአሥራ አንደኛ ክፍል ኮርሶች ነው፣ የዘጠነኛ ክፍል ውጤት ከስሌቱ ውጪ ነው፣ ሳትንም ጭራሽ አያይም። ዘጠነኛ ላይ የወደቀና በኋላ የተነሣ ልጅ ላላቸው የሎስ አንጀለስና የኦክላንድ ቤተሰቦች ይህ ወርቅ ነው። ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ግን ዋጋው ከባድ ነው።

ማመልከቻ የሚያስገቡበትን ዙርም አስቀድመው ይምረጡ። ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው ቀደም ያለ ዙር ከተቀበሉህ ትገባለህ የሚል ውል ስለሆነ ዕርዳታ ማወዳደር ለሚፈልግ ቤተሰብ አይሆንም። ኧርሊ አክሽን የሚባለው ሌላው ቀደም ያለ ዙር ውል የለበትም፤ ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አብዛኛውን ተማሪ የሚወስደው ኖቬምበር 1 በሚዘጋው በዚህ ዙር ነው።

ኮሚውኒቲ ኮሌጅን (የሁለት ዓመት ኮሌጅን) ስኮርካርድ ይበድላል። የሁለት ዓመቱን አሶሺየት ዲግሪ ሳይዝ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተዛወረውን እንደ ተመራቂ ስለማይቆጥር የምረቃው መቶኛ የወደቀ ይመስላል። ሜሪላንድ ያለውን ሞንትጎመሪ ኮሌጅን ወይም ኖቫን (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚውኒቲ ኮሌጅን) በዚያ ቁጥር አይፍረዱበት። ኖቫ ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የመግቢያ ዋስትና ስምምነቶች አሉት፤ ሞንትጎመሪ ኮሌጅም ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሚያሸጋግር ፕሮግራም አለው። እዚህ ላይ ገንዘብ የሚባክነው ኮርስ ሳያጣሩ ሲወስዱ ነው። ክሬዲቱ ይዛወራል፣ ለዲግሪው ግን ሳይሆን ለምርጫ ኮርስ ይቆጠራል። ሜሪላንድ ውስጥ አርትሲስ በሚባለው ገጽ እያንዳንዱ ኮርስ በየትኛው እንደሚተካ ከመመዝገቡ በፊት ይታያል።

የዕርዳታ ደብዳቤዎቹ ሲመጡ ወደ ስኮርካርድ ይመለሱ። ከጠቅላላው ወጪ ላይ ግራንትና ስኮላርሺፕን ብቻ ይቀንሱ። ብድርና ወርክ ስተዲ (ተማሪው ሠርቶ የሚያገኘው ክፍያ) «ዕርዳታ» ተብለው ቢደረደሩም አይቀነሱም። ያገኙትን ቁጥር በገቢዎ መስመር ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ። ደብዳቤው በጣም ከበለጠ ያንን መስመርና ከሌላ ኮሌጅ የመጣ የተሻለ ደብዳቤ ካለ እሱን አያይዘው እንደገና እንዲያዩት ይጻፉ፤ ብዙ ኮሌጆች መልስ የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ስለሆነ ደብዳቤው በኤፕሪል መጀመሪያ መድረስ አለበት።