ኬኤክስ2 ወይስ አይሲ-705? ለትንሽ ዋት የሚሆን አማተር ራዲዮ

በ5 ዋት ሞርስ ለመሥራት ተራራ የሚወጣ ሰው የኤሌክራፍትን ኬኤክስ2 ያለማመንታት ይግዛ። ክብደቱ ያለባትሪው 370 ግራም ገደማ ነው። የኢኮም አይሲ-705 ከነባትሪው 1.1 ኪሎ ይመዝናል፤ ዳገት ላይ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ኬኤክስ2 ሲያዳምጥ የሚስበው 135 ሚሊአምፔር ገደማ ስለሆነ በ2.6 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ቀኑን ሙሉ ያሠራል። አይሲ-705 ባለቀለም ስክሪን ስላለው ከዚያ እጥፍ በላይ ይፈልጋል። በራሱ ባትሪ ከ5 ዋት አያልፍም፤ 10 ዋት የሚሰጠው ከውጭ 13.8 ቮልት ሲያገኝ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት አንቴናው ላይ ነው። ለኬኤክስ2 ውስጡ የሚገጠም ቱነር (አንቴናውን ከራዲዮው ጋር የሚያጣጥም ክፍል) ለብቻው ይሸጣል፤ ዛፍ ላይ የተወረወረ ሽቦ በሰከንዶች ያዛምዳል። አይሲ-705 ውስጥ ቱነር የለም። እንደነገሩ የተቆረጠ ሽቦ ሲሰኩበት ከአንቴናው ወደ ራዲዮው የሚመለሰው ሞገድ መጠን ይጨምራል፤ ራዲዮኑም ራሱን ለመጠበቅ ዋቱን ይቀንሳል። ተበላሸ ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም። ለ14 ሜጋኸርትዝ ዳይፖል (ሁለት እኩል የሽቦ ክንዶች ያሉት አንቴና) እያንዳንዱን ክንድ 5.2 ሜትር ቆርጦ መስቀል፣ ከዚያ ሁለቱንም እኩል፣ በየጊዜው 2 ሴንቲሜትር እያሳጠሩ ተመላሽ ሞገዱን መለካት ነው። አንዴ ብዙ የቆረጠ ሽቦ መቀጠል ይገባዋል።

144 እና 430 ሜጋኸርትዝ ለሚፈልግ ግን አይሲ-705 ብቻ ነው የሚሆነው፤ ኬኤክስ2 ከ10 ሜትር ባንድ (28 ሜጋኸርትዝ አካባቢ) በላይ አይሄድም። ኤፍቲ8 (በኮምፒውተር አጫጭር መልእክት የሚለዋወጡበት ዲጂታል ዘዴ) ለመሥራትም አይሲ-705ን በአንድ የዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ማገናኘት ይበቃል። ኬኤክስ2 የውጭ ሳውንድ ካርድ (ድምፅን በራዲዮውና በኮምፒውተሩ መካከል የሚያስተላልፍ መሣሪያ) ይፈልጋል፤ ረጅም ስርጭት ስለሚያግለውም ከ5 ዋት በታች ማድረግ ይሻላል።