ጅማ ላይ «ካምቢዮው መውረድ አለበት» ከተባላችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

አሮጌ ሞተር ሳይክል ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) በኩል ዘይት ሲያንጠባጥብ ብዙ ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ውስጡ ተበልቷል፣ ሞተሩ ወርዶ ለሁለት መከፈል አለበት።» ቀብድ ይጠየቃል፣ ሳይክሉ ይቀመጣል፣ የመለዋወጫው ዝርዝርም በየቀኑ ይረዝማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚያፈሰው ከፊት ፒኞን (ካቴናውን ከሚያዞረው ጥርስ) ጀርባ ያለች አንዲት ኦይል ሲል፣ ዘይት እንዳይወጣ የምትከለክል የጎማ ቀለበት ናት። በአብዛኞቹ ሳይክሎች ላይ እሷን ለመቀየር ሞተሩን ከሻሲው መንቀል አያስፈልግም፣ ከውጭ ትወጣለች። ሥራውን ለሚያውቅ እጅ የአንድ ሰዓት ጉዳይ ነው።

ችግሩ እኛ ጋ የሚበዛው በጭቃው ነው። ወደ ሰቃ፣ ወደ ዴዶ ወይም ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ቡና ማሳ የሚገባ ሳይክል ክረምቱን ሙሉ ቀይ ጭቃ ፒኞን ክዳኑ ሥር ይሰበስባል። ጭቃው ሲደርቅ የሲሉን ከንፈር፣ ማለትም ዘንጉን የሚነካውን ጠርዝ፣ ይበላዋል። ላቫጆ ላይ የግፊት ውሃ ቀጥታ እዚያ ቦታ ሲለቀቅበት ደግሞ አሸዋው ወደ ውስጥ ይገባል። ካቴና እንዳይወልቅ ተብሎ ከልክ በላይ ሲጠብቅም ፒኞኑ የተገጠመበት ዘንግ ይጎተትና ሲሉና ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) አብረው ያልቃሉ። የካቴና ልልነት (ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበት ልክ) በብዙ የከተማ ሳይክሎች መሃሉ ላይ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለገጠር መንገድ የተሠሩት ከዚህም በላይ ይፈልጋሉ።

ለማንም ከመክፈላችሁ በፊት የሚያፈሰው ከየት እንደሆነ እወቁ። ፒኞን ክዳኑን ፍቱ፣ አካባቢውን በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጥባችሁ አድርቁ፣ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት። ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ተመልከቱ። ዘይት ወደ ታች ስለሚወርድና ነፋስም ወደ ኋላ ስለሚበትነው፣ ምንጩ የሚሆነው ከሁሉ በላይና ከሁሉ ወደፊት የረጠበው ነጥብ ነው። ከፒኞኑ ጀርባ ከሆነ የዘንጉ ሲል ነው። ከማርሽ መቀየሪያው ሥር ከሆነ የመቀየሪያው ዘንግ ትንሿ ሲል ናት፤ እሷም ከውጭ ትወጣለች፣ ዋጋዋም ከዚያኛው ያነሰ ነው። በስተቀኝ ከሆነ የፍሪሲዮን ክዳን ጓርኒሲዮን (በክዳኑ መሃል ያለው ማሸጊያ) ወይም የማስነሻ መርገጫው ሲል ሊሆን ይችላል። ጥቁርና የሚያጣብቅ ከሆነ ደግሞ የካምቢዮ ዘይት ላይሆን ይችላል፣ የካቴና ቅባት እንዲሁ ይረጫል። በጎን ማቆሚያው ወደ ግራ ተጋድሞ ያደረ ሳይክል ጠዋት ከሥሩ ጠብታ ቢያሳይ ዘይቱ ወደ ግራ ስለተጠራቀመ ነው፣ ሞተሩ አለቀ ማለት አይደለም።

ሜካኒኩ እውነቱን ሊሆን የሚችልበትም ጊዜ አለ። ካቴናውን አውልቃችሁ ፒኞኑን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ፒኞኑ ብቻ ሳይሆን ዘንጉም አብሮ በግልጽ የሚወዛወዝ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፤ አዲስ ሲል ብታስገቡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይበላል፣ መከፈቱ የግድ ነው። በጥቂት ሞዴሎች ላይ ደግሞ ሲሉን ከውስጥ የሚይዘው ጠርዝ ስላለ ሞተሩ ለሁለት ሳይከፈል አይወጣም። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ባሉ ቱ ስትሮኮች ላይ የካምቢዮው ዘይት ከውጭ ሳይታይ እየጎደለ ጭሱ ከበዛ፣ ያረጀው በፍሪሲዮን በኩል ያለው የክራንኩ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዋና ዘንግ) ሲል ነው። ያ ሌላ ሥራ ነው።

ሥራው ሲሠራ አጠገቡ ቁሙ። ካቴናው ሳይወልቅ ማርሽ ይገባል፣ የኋላ ፍሬን ይያዛል፣ የፒኞኑ ብሎኖች ወይም ዳዶ ይፈታሉ። ፒኞኑና ከሥሩ ያለችው የብረት ቀለበት ይወጣሉ። ብዙ ሞዴሎች ላይ ከቀለበቷ ሥር ቀጭን ኦ ሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) አለች፣ ብዙ ሜካኒክ የሚዘላትም እሷን ነው። ኦ ሪንጓ ካልተቀየረች ዘይቱ በዘንጉ ጥርሶች መሃል ይወጣል፣ «አዲሱም ሲል አልሠራም» ይባልና ወደ ማውረዱ ወሬ ይኬዳል። የብረት ቀለበቷ ላይ ጥፍር የሚይዘው ጭረት ካለ እሷም ትቀየር።

አሮጌው ሲል ዘንጉን ሳይቧጭሩ ይነቀላል፤ በካቻቢቴ ጫፍ ዘንጉን የነካ ሰው ለሚቀጥለው ፍሳሽ መንገድ ጠረገ። የሲሉ ልክ ፊቱ ላይ ተጽፏል። ለምሳሌ 20፣ 34፣ 7 ካለ የውስጥ ስፋቱ 20፣ የውጭው 34፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። መርካቶ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ቁጥሩን አስተያዩ። ቁጥር የሌለውን፣ ወይም ከንፈሩ ሲጫኑት የማይታጠፍ ደረቅ የሆነውን፣ «ኦሪጅናል» ቢባልም ተዉት። አዲሱ ሲገባ ትንሿ ሞላ ያለችበት ፊት ወደ ዘይቱ ይዞራል፣ ከንፈሩ ትንሽ ቅባት ይቀባል፣ የዘንጉ ጥርሶች በስስ ፌስታል ይጠቀለላሉ። ከውጭ ስፋቱ ጋር በሚመጣጠን ቱቦ ቀጥ ብሎ ይመታል እንጂ በመዶሻ አንድ ጎኑ አይቀጠቀጥም።

በርካሽ የሚቀርቡላችሁ ሁለት መፍትሔዎች አሉ፣ ሁለቱም ይጎዳሉ። አንደኛው ሲሉ ዙሪያ ሲሊኮን መለደፍ ነው። በዘይት የራሰ ብረት ላይ አይጣበቅም፣ ውስጥ የገባው ቁራጭ ደግሞ የዘይቱን ማጣሪያ ይዘጋል። ሁለተኛው ፍሳሹ እንዲቀንስ የካምቢዮ ወፍራም ዘይት መጨመር ነው። እንደ ባጃጅ ቦክሰር ባሉ ፎር ስትሮኮች ላይ 1 ሊትር ገደማ የሆነው ያው አንድ ዘይት ሞተሩንም፣ ፍሪሲዮኑንም፣ ካምቢዮውንም ያገለግላል። ወፍራሙ ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል በጊዜ አይደርስም። «ለመኪና ነው» የሚባል ዘይትም ፍሪሲዮን ሊያንሸራትት ይችላል፤ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA፣ ለሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን የሚስማማ ዘይት ምልክት) የሚል ፈልጉ። ከልክ በላይ መሙላትም ሆነ የተዘጋ የሞተር መተንፈሻ ቱቦ ጤነኛ ሲል እንኳ ያስፈስሳል፣ ስለዚህ ቱቦውን ንፉበት።

ለሥራው ከመስማማታችሁ በፊት የሚቀየረው ዕቃ በስም ተለይቶ ይነገራችሁ። «ካምቢዮው ይስተካከላል» ዋጋ የሚተመንለት ሥራ አይደለም። ስለምትከፍሉበት ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘት በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መብታችሁ ነው፣ ደረሰኝም ጠይቁ። የወጣውን አሮጌ ሲልና ኦ ሪንግ በእጃችሁ ተቀበሉ፤ ማሳየት ካልቻሉ አልተቀየረም ብላችሁ ያዙት። ሳይክሉን ታጥቦ አትረከቡ፣ ደረቅ ሆኖ 10 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ክዳኑ ሳይገጠም ፒኞኑን አይታችሁ ቀሪውን ክፈሉ።