የጡንቻ ክር ለማቅለም የቱ ይገዛ? ኤስዲኤች፣ ኤንኤዲኤች ወይስ ኤቲፒኤዝ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ የማስተርስ ተማሪዎች ፕሮፖዛላችሁ ባለፈ ማግስት የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ "የበግ ጡንቻ ክሮችን ለመለየት የቱን ልግዛ?" ምርጫው ሦስት ነው፦ ኤስዲኤች (ሰክሲኔት ዲሃይድሮጂኔዝ)፣ ኤንኤዲኤች እና ኤቲፒኤዝ። ሦስቱም በክሩ ውስጥ ኢንዛይም የሚሠራበትን ቦታ በቀለም የሚያሳዩ ዘዴዎች ናቸው። መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ባጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ኤስዲኤች ግዙ።

ነገሩ የዋጋ ነው። ኤስዲኤችም ኤንኤዲኤችም የሚሠሩት ኤንቢቲ በሚባል ቢጫ ዱቄት ነው። ኢንዛይሙ ባለበት ቦታ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል አመንጪ ክፍል) የበዛበት ክር ይጠቁራል፤ ያነሰበት ፈዞ ይቀራል። ልዩነቱ አብሮት የሚገባው ነገር ላይ ነው። ለኤስዲኤች የሚያስፈልገው ሶዲየም ሰክሲኔት ርካሽ ነው፤ ከመደርደሪያ ላይ ብታስቀምጡትም አይበላሽም። ለሌላው የሚያስፈልገው፣ ራሱ ኤንኤዲኤች የሚባለው ኬሚካል ግን ውድ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት አይችልም። ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ፕሮፎርማው የግዢ ኮሚቴውን ጠረጴዛ ሳያልፍ ዋጋው ይቀየራል።

አንድ አቅራቢ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የላከልን ኤንኤዲኤች አሁንም ያንገበግበኛል። ካርቶኑን ስንከፍት በረዶው ቀልጦ ውሃ ሆኗል። ነጣ ብሎ መምጣት የነበረበት ዱቄት ቢጫ ሆኖ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቋል። ብናቀልምበት ስላይዱ ባዶ ሆነ። አቅራቢው "ስንልከው ደህና ነበር" ብሎ ዘጋው። ሌሎች ደግሞ ኤንኤዲ ፕላስ (ኤሌክትሮኑን የሰጠውን የኤንኤዲኤች ቅርጽ) ይሰጡና "ያው ነው" ይሏችኋል። ያው አይደለም። ኤሌክትሮን የሚሰጠው ኤንኤዲኤች ብቻ ነው። የግድ የምትገዙት ከሆነ ገንዘቡን ከማስረከባችሁ በፊት 0.1 ሚሊሞላር አሟሙታችሁ ስፔክትሮፎቶሜትር (ፈሳሽ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጥ የሚለካ መሣሪያ) ላይ በ340 ናኖሜትር አንብቡት። ደህናው 0.62 አካባቢ ያሳያል። ኤንኤዲ ፕላስ እዚያ ላይ ዜሮ ነው፤ የተበላሸውም ከልኩ ይወርዳል።

ኤንቢቲም ቢሆን ያለ ሎት ቁጥር (የምርት ምድብ ቁጥር)፣ ፎቶኮፒ ሌብል ተለጥፎበት ይሸጣል። ሁልጊዜ አንድ ስላይድ ሰክሲኔት ሳትጨምሩ ሥሩ። እሱም ከጠቆረ ያያችሁት ቀለም የኢንዛይሙ ሥራ አይደለም።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ግን አጠቃቀም ላይ ነው። ኤንቢቲ በሚሊሊትር 1 ሚሊግራም ይበቃል። 50 ሚሊሊትር የሚይዝ ጃር ከሞላችሁ 1 ግራሙ በ20 ጃር ያልቃል። ስላይዱ ላይ ያለውን የጡንቻ ቁራጭ በፓፕ ፔን (ፈሳሽ የማያሳልፍ መስመር በሚያሰምር ብዕር) ከባችሁ 0.2 ሚሊሊትር ብቻ ብታንጠባጥቡበት ያው 1 ግራም 5,000 ስላይድ ይሠራል። እርጥብ ጨርቅ ያለበት ክዳናም ሳጥን ውስጥ አድርጉና 37 ዲግሪ ላይ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አቆዩት። በቃ።

ኤንኤዲኤች ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። የክሩን ውስጣዊ መረብ ስለሚያሳይ ለሕመም ምርመራ፣ ለምሳሌ ነርቩ የተጎዳ ጡንቻ ላይ፣ ጥሩ ነው። ግን ከማይቶኮንድሪያ ሌላ ሬቲኩለሙንም (በክሩ ውስጥ ያለውን የስስ ቱቦዎች መረብ) ያቀልማል። ኤስዲኤች ማይቶኮንድሪያውን ብቻ ነው የሚነካው።

ኤቲፒኤዝ ላይ ሳልሸፋፍን ልናገር። ዓይነት 1ን (ዘገምተኛውን ክር) ከዓይነት 2 (ከፈጣኑ) በትክክል የሚለየው እሱ ነው። በፒኤች 9.4 ፈጣኑ ክር ይጠቁራል፤ በ4.3 ደግሞ ዘገምተኛው። ኤስዲኤች ይህን አያደርግም፤ ፈጣን ሆኖ ኦክስጅን በደንብ የሚጠቀም ክርም በእሱ ይጠቁራል። ርዕሳችሁ "የክር ዓይነት" የሚል ከሆነ ከዚያው ሥጋ ተከታዩን ቁራጭ በኤቲፒኤዝ መሥራት ግድ ነው። ወጪው ከኬሚካሉ ይልቅ ፒኤች ሜትሩ ላይ ነው። ኤሌክትሮዱ ካረጀ፣ ፒኤቹ በትንሹ ሲዛነፍ ሥዕሉ ይበላሻል። ለሰው የተጻፈው ፒኤችም ለበግ እንዳለ አይሠራም፤ ራሳችሁ መሞከር አለባችሁ። ለኤቲፒኤዝ የሚገባው አሞኒየም ሰልፋይድ እንደ ገማ እንቁላል ስለሚሸት ያለ ፊውም ሁድ (ጋዝ የሚስብ የላብራቶሪ ሳጥን) አትክፈቱት።

ከቄራ የምታመጡትን ሽንጥ ፎርማሊን ውስጥ አትክተቱ፤ ኢንዛይሞቹን ይገድላቸዋል። በፈሳሽ ናይትሮጅን በቀዘቀዘ አይሶፔንቴን በሚባል ፈሳሽ አቀዝቅዙት። በቀጥታ ናይትሮጅን ውስጥ ከነከራችሁት የበረዶ ክሪስታል ክሩን ይበሳሳዋል። ናይትሮጅኑን የላም ማዳቀል ባለሙያዎችን ጠይቁ፤ አያያዙን ከማንም በላይ ያውቁታል።

አቅራቢው ጋ ስትሄዱ ፕሮፎርማው ላይ ሎት ቁጥሩ፣ የሚያበቃበት ቀንና "ቀዝቅዞ ካልደረሰ እንመልሳለን" የሚል ቃል ይጻፍላችሁ። ይህን አልጽፍም የሚል ካለ ሌላ ጋ ሂዱ።