ለኪት መኪና የትኛው የመሪ ራክ ይሻላል? ባለ 3.5፣ ባለ 2.9 ወይስ ባለ 2.4 ዙር

ኪት መኪና (ክፍሎቿ ተገዝተው በባለቤቷ የምትገጣጠም መኪና) ገጣጥሞ የጨረሰ ሰው ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ ከነዳ በኋላ የሚያማርረው ስለ ጉልበት አይደለም። ስለ መሪው ነው። መኪናዋ ቀልጣፋ ናት፣ መሪዋ ግን ይንቀራፈፋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሎተስ ሰባት (ትንሽ ክፍት የእንግሊዝ ስፖርት መኪና) ቅርጽ ከሚሠሩት ኪቶች ብዙዎቹ የመሪ ራክ፣ ማለትም ወደ ግራና ቀኝ እየሄደ የፊት ጎማዎቹን የሚያዞረውን ባለ ጥርስ ዘንግ፣ የሚወስዱት ከድሮው ፎርድ ኤስኮርት ማርክ 2 ነው። ያ ራክ የተሠራው ለቤተሰብ መኪና ነው። መሪው ከጥግ እስከ ጥግ (ከሙሉ ግራ እስከ ሙሉ ቀኝ) 3.5 ዙር ያህል ይዞራል። ኪቷ ግን ብዙ ጊዜ 600 ኪሎ ገደማ ናት፤ ከዚያም ፊቷ ላይ የሚያርፈው ግማሹ ነው። ስለዚህ መሪው በሁለት ጣት ይዞራል፣ አደባባይ ላይ ግን እጅ ማፈራረቁ አያልቅም።

ለዚህ ራክ ሁለት ፈጣን ተተኪዎች ከውጭ ይታዘዛሉ፤ ባለ 2.9 እና ባለ 2.4 ዙር። ማሰሪያቸው ከኤስኮርቱ ጋር አንድ ነው። የሚለየው ውስጥ ያለው ጥርስ ነው። ሻንሲ መቁረጥና መበየድ አያስፈልግም።

ስሌቱ ቀላል ነው። የራኩ ጉዞ እኩል ከሆነ ባለ 2.9ኙ ከኦርጅናሉ 20 በመቶ ያህል ይፈጥናል። ባለ 2.4ቱ 45 በመቶ ገደማ። መሪውም በዚያው ልክ ይከብዳል፤ ፍጥነት በነጻ አይመጣም። አንድ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ደግሞ አለ፤ የመሪው ስፋት። 380 ሚሊ ሜትር የነበረውን አውጥታችሁ ቆንጆዋን 320 ብታስገቡ ይህ ብቻውን 19 በመቶ ያህል ያከብደዋል። ከባለ 2.4ቱ ጋር ሲሆን ሁለቱ ይባዛሉና መሪው ከመጀመሪያው በ70 በመቶ በላይ የከበደ ይሆናል። ጠባብ ቦታ ላይ ፓርክ ስታደርጉ ትከሻችሁ ይነግራችኋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሻጩ የሚነግራችሁን የዙር ቁጥር ብቻ አትመኑ። የዙር ቁጥር ያታልላል። አንድ ራክ 140 ሚሊ ሜትር ተጉዞ በ3.5 ዙር ቢጨርስ በአንድ ዙር 40 ሚሊ ሜትር ሄደ ማለት ነው። ሌላው 100 ሚሊ ሜትር ብቻ ተጉዞ በ2.5 ዙር ቢጨርስስ? እሱም 40 ነው። ሁለተኛው በዙር ሲቆጠር ፈጣን ይመስላል። አይደለም፣ አጭር ነው እንጂ። ጎማው ገና በደንብ ሳይዞር ጥጉ ይደርሳል። መኪናዋ ለመዞር ሰፊ ቦታ ትፈልጋለች፣ የከፈላችሁበት ፍጥነት ግን የለም። ስለዚህ ሻጩን "ስንት ዙር ነው?" ሳይሆን "በአንድ ዙር ስንት ሚሊ ሜትር ይሄዳል?" ብላችሁ ጠይቁት። ያገለገለ ራክ ከሆነ ራሳችሁ ለኩት። ፒኒዮኑን (ራኩን የሚገፋውን ትንሽ ክብ ጥርስ) አንድ ሙሉ ዙር አዙሩ፣ ዘንጉ የሄደውን በሜትር ያዙ፣ አለቀ።

አሁን ወደ አዳማ እንምጣ። ወደ አሰላ በሚወጣው መንገድ ኩርባዎች ላይ ባለ 2.4ቱ ደስ ይላል፣ አልክድም። እጃችሁን ሳታነሱ ትዞራላችሁ። ችግሩ ሌላው ጉዞ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛውም ቀጥ ያለ ነው። ነፋሱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከተማዋ ዳር ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ያለ ምክንያት አልተተከሉም። ቀላል መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትሄድ ነፋስ ከጎን ሲገፋት፣ ባለ 2.4ቱ ለእያንዳንዷ የእጅ እንቅስቃሴ መልስ ይሰጣል። ብታስነጥሱ መስመር ትቀይራላችሁ (አጋነንኩ፣ ግን ትንሽ ብቻ)። ከተማ ውስጥ ሌላ ጣጣ አለ። ራኩ በፈጠነ ቁጥር የጉድጓዱ ምት ወደ እጅ የሚመጣው በርትቶ ነው። ከፊታችሁ ባጃጅ ድንገት ሲታጠፍ ጎማችሁ ጉድጓድ ውስጥ ከሆነ መሪው ከእጃችሁ ሊመነጭቅ ይሞክራል።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ባለ 2.9ኙ ነው፤ ከ350 ሚሊ ሜትር ያላነሰ መሪ ጋር። ባለ 2.4ቱን ግዙ የምለው መኪናዋን ለጨዋታ ብቻ ለሚያወጣና ጠባብ ጎማ ላሰረ ሰው ነው። ባለ 3.5ቱም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ከባድ ሞተር ፊት ላይ ካስቀመጣችሁ፣ ወይም ጎማችሁ ሰፊ ከሆነ፣ ባለበት ተዉት።

ራክ ሳይቀይሩ ማፍጠኛ መንገዶችም አሉ። አንዱ መሪው ዘንግ መሃል ላይ የሚገባ ትንሽ የጥርስ ሳጥን ነው። ባለ 1.5 ለ 1 የሆነው 3.5 ዙሩን ወደ 2.3 ገደማ ያወርደዋል። ይሠራል፣ ግን አንድ ተጨማሪ ልቅነት የሚፈጠርበት ቦታ ነው። ሌላው የጎማ ማዞሪያውን ክንድ ማሳጠር ነው። ይህን አታድርጉ። ክንዱን በእሳት አግሎ ማጠፍ ወይም ቆርጦ መበየድ ብረቱን ያደክመዋል፤ የሚሰበረውም ጋራዥ ቆሞ ሳለ አይደለም።

በቮልስ ሻንሲ ላይ ባጊ (ክፍት የመዝናኛ መኪና) የምትሠሩ ካላችሁ ለእናንተ ነገሩ ይለያል። ቮልስ ራክ ሳይሆን የመሪ ሳጥን ነው ያለው፤ እሱም ከጥግ እስከ ጥግ 3 ዙር እንኳ አይሞላም። ፍጥነቱ ድሮም አለ። ዘገየ የሚያስብለው ብዙ ጊዜ ያረጀ ሳጥንና ያለቀ ቴስቲኒ (የመሪ ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ) ነው። መጀመሪያ እነሱን አስተካክሉ፣ ራክ የመግዛት ሐሳቡ ሊተዋችሁ ይችላል።

ወደ ራኩ እንመለስ። ስታዙ ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ጻፉ። አንደኛ፣ የግራ መሪ መሆኑን። ከእንግሊዝ ካዘዛችሁ እንግሊዞች መሪያቸው በቀኝ ነው፤ ዝም ካላችሁ የሚልኩላችሁ የራሳቸውን ነው። ሁለተኛ፣ ራኩ ከፊት ጎማዎቹ መሃል መስመር ፊት ይሁን ኋላ የሚታሰረው። ለፊት የተሠራውን ኋላ ብታስሩት መሪውን ወደ ግራ ስታዞሩ መኪናዋ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። የሚያስቅ ይመስላል፣ ግን በራሳቸው ዲዛይን ለሚሠሩ ሰዎች የታወቀ ወጥመድ ነው።

ርዝመቱም ይታይ። የራኩ ጫፍ መገጣጠሚያዎች ከብራቾው (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ክንድ) መታጠፊያ ጋር ካልተስማሙ ጎማው ወደ ላይ ሲነሳ ብቻውን ይዞራል። ስፒድ ብሬከር በበዛበት ከተማ ይህን በየመንገዱ ታገኙታላችሁ። ለማወቅ ሞላውን አውጡ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ጎማውን በክሪክ ቀስ እያላችሁ አንሱና አውርዱ። ቸርኬው ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ አስራችሁ የፊትና የኋላ ጫፉን ርቀት ከሻንሲው ለኩ። ልዩነቱ ከተቀየረ ራኩን በስስ ሺም (ከሥር የሚገባ ቀጭን ብረት) ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉት። አላይመንት የሚሠራው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድማችሁ ከሄዳችሁ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ።