የኮሮላዬ የመሪ ዘይት እና በአዘዞ መንገድ ዳር ያለው ጋራዥ

ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጎማዎቹ የወለቁ አንድ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና በቆመበት ግቢ ውስጥ፣ በሩ ላይ ስም ያልተጻፈበት ጋራዥ አለ። መኪናዬን በጓደኛ ጥቆማ ወደዚያ የወሰድኳት ብዙም ተስፋ ሳላደርግ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጋራዦች ለዚሁ የመሪ ዘይት መፍሰስ ችግር ደክመው ምንም አልፈየዱልኝም ነበርና። አሁን ጥገናው ከተደረገ ሦስተኛ ወሩን ይዟል፤ ከመኪናዋ ሥር አንዲት ጠብታ ዘይት አላየሁም። ይህን የምጽፈው አገልግሎቱ እንከን ስላልነበረበት አይደለም፤ የማማርርባቸው ነገሮች አሉ። የምጽፈው ባለሙያው አንዳች ዕቃ ከማስገዛታቸው በፊት ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ ለማወቅ አንድ ሰዓት ተኩል ስለደከሙ ነው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1998 የተሠራች፣ ማርሿ በእጅ የሚቀየር ቶዮታ ኮሮላ ናት። ችግሩ የጀመረው በፋሲካ ሰሞን ነው። ማራኪ ካለው ቤታችን ደጃፍ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ቀይ ጠብታ አይቼ የበዓል ዶሮ ደም መስሎኝ አለፍኩት፤ ጎረቤታችን እማማም እንደ እኔው ደም መስሏቸው አመድ አልብሰውት ነበር። ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ጠብታው በየማለዳው ሲታደስ ጊዜ ነው በጣቴ ነክቼ ያሸተትኩት። በዚህ ዓይነት ኮሮላ ለመሪው የሚሞላው ዴክስሮን የሚባለው፣ ለአውቶማቲክ ካምቢዮም የሚያገለግለው ቀይ ዘይት ነው። የራዲያተር ማቀዝቀዣም ቀይ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ግን በሁለት ጣት መካከል ሲታሽ እንደ ዘይት አይሙለጨለጭም። የእኔዋ ካምቢዮ አውቶማቲክ ስላልሆነ ደግሞ ቀይ ዘይት ከመሪው በቀር የሚመጣበት ቦታ የለም። ሳምንት ሳይሞላ መሪው ያቃስት ጀመር፤ መስቀል አደባባይ ላይ በባጃጆች መሀል ቀስ ብዬ ስታጠፍ ድምፁ እግረኛውን ሁሉ ያዞረው ነበር።

የመጀመሪያው ጋራዥ ማጠራቀሚያውን ሞልቶ፣ ፍሳሽ ያቆማል የሚባለውን ፈሳሽ አንድ ጠርሙስ ጨምሮበት ሸኘኝ። ይህ ፈሳሽ የሚሠራው የደረቁ የጎማ ማገጃዎችን በማለስለስና በማሳበጥ ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚያንጠባጥብ የዘይት ማገጃ ጎማ (ኦይል ሲል) ለጊዜው ሊረዳ ይችል ይሆናል እንጂ ለተበላሸ ቱቦ ምንም አይፈይድም። ሁለተኛው ጋራዥ መኪናዋን በክሪክ እንኳ ሳያነሣ «የመሪው ራክ አልቆለታል» ብሎ (ራክ የመሪውን ዙር ወደ ፊት ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው ክፍል ነው) ያገለገለ ራክ በ38,000 ብር እንድገዛ ነገረኝ። በዚህ መሀል ዘይት ልገዛ የገባሁበት አንድ ሱቅ ያለው ልጅ ዴክስሮን ስላጣ የፍሬን ዘይት ሊሸጥልኝ ሲሞክር ነበር፤ ገዝቼ ሞልቼው ቢሆን ኖሮ ዘይቱን በግፊት ወደ ራኩ የሚልከውን የመሪ ፓምፕም የራኩንም የውስጥ ጎማዎች ያበላሽብኝ ስለነበር ያኔ በእርግጥም ራክ ገዢ እሆን ነበር።

በአዘዞው መንገድ ጋራዥ የተቀበሉኝ ጠና ያሉ ባለሙያ ናቸው። «ጋሼ፣ ራኩ ነው ተብያለሁ» ስላቸው «ማን አየው?» ብቻ ብለው ኮፈኑን ከፈቱ። ቀጥለውም ረዳታቸውን ጠርተው ከፓምፑ ጀምሮ እስከ ራኩ ድረስ ያለውን ሁሉ በነጭ ጋዝና በብሩሽ አሳጥበው በጨርቅ አስደረቁት፤ ምክንያቱንም ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ በጉዞ ላይም ንፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ በጣም የረጠበው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ የደረሰበት እንጂ የወጣበት አይደለም፤ መፈለግ ያለበት ከሁሉም በላይ ያለው እርጥብ ነጥብ ነው። ከዚያ ሞተሩ ተነሣ፤ ረዳቱ መሪውን እስከ ጥጉ ወደ ግራ፣ እስከ ጥጉም ወደ ቀኝ አዞረው። መሪው ጥግ ሲይዝ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከ70 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ የመኪና ጎማ የሚነፋው ሁለት ባር ገደማ መሆኑን ላሰበ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል። ደካማ ቦታ ካለ የሚገለጠውም ያኔ ነው። ጥግ ላይ ግን ከጥቂት ሰከንድ በላይ አላቆዩትም፤ ፓምፑ ስለሚግል ነው።

የጽሕፈት ወረቀት ቀደው በጠባብ ቁራጭ አጥፈው በየመገጣጠሚያው ሥር ሲያስጠጉ ቆዩ። ከፓምፑ ዘንግ ሥር የወጣው ወረቀት ንጹሕ ነበር፤ ከመመለሻው ቱቦ ሥር የወጣውም ንጹሕ ነበር። ከፓምፑ ወጥቶ ወደ ራኩ በሚሄደው ባለ ከፍተኛ ግፊት ቱቦ ላይ፣ ጎማው ከብረቱ አንገት ጋር በተጨመቀበት ቦታ ያስጠጉት ግን ጫፉ ቀልቶ ወጣ። በዚህ ሳይረኩ ተኝተው ከመኪናዋ ሥር ገቡና እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈውን የራክ ሽፋን ጎማ ፋሸታ (ማሰሪያ ቀለበት) አላልተው ጣታቸውን ሰደዱ። የራኩ ማገጃ ቢበላሽ ዘይቱ የሚጠራቀመው እዚያ ውስጥ ነው። ጣታቸው የወጣው ከደረቀ ግራሶ በቀር ምንም ሳይዝ ነበር። ጣታቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ሲያሳዩኝ 38,000 ብር ያየሁ ያህል ተሰማኝ።

ቱቦው የተበላሸው በእርጅናና በሞተሩ ሙቀት ነው፤ ሲታጠፍ እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዙ ይሰነጣጠቅ ነበር። የመመለሻው ቱቦ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ በፋሸታ ሊታሰር ይችላል፤ ይህኛው ግን በፋሸታ ቢታሰር በመጀመሪያው ጥግ ይፈነዳል፣ የጋለ የጭስ ማውጫ ላይ የሚረጭ ዘይት ደግሞ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። አዲሱ ቱቦ በገበያ ስላልተገኘ የሁለቱን ጫፍ ብረቶች ቆርጠው ለመተማና ለሁመራ እርሻ ትራክተሮች የሃይድሮሊክ ቱቦ ለሚያዘጋጅ ሱቅ ላኩት፤ ብረቶቹ በአዲስ ጎማ ላይ በማሽን ተጨምቀው ተመለሱ። ፓምፑን የሚያዞረውን፣ በዘይት የራሰውን ቺንጊያም (ቀበቶ) ቀየሩት፤ ዘይት የጠጣ ቺንጊያ እየተንሸራተተ መሪውን መልሶ ያከብደዋልና።

ብዙ ጋራዥ የሚቸኩልበትን አየር የማስወጣት ሥራም በትዕግሥት ሠርተውታል። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሥተው ሞተሩ ሳይነሣ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ሃያ ጊዜ ያህል አዞሩ፤ ዘይቱ በቀነሰ ቁጥር እየሞሉ ቀጠሉ። ሞተሩ ከተነሣ በኋላም በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ሮዝ አረፋ ጠፍቶ ዘይቱ ጥርት ያለ ቀይ እስኪሆን ድረስ ጠበቁ። ፓምፑ የሚለሰልሰው በዚሁ ዘይት ስለሆነ፣ አየር ይዞ ወይም ጎድሎ ሲሠራ ነው የሚያቃስተው፤ የእኔውም ለሳምንታት ሲያቃስት ከርሞ አለመበላሸቱ ዕድል ነው አሉኝ።

ሒሳቡ ለቱቦው 3,200፣ ለሁለት ሊትር ዘይት 1,700፣ ለቺንጊያው 900፣ ለሥራው 2,000፣ በድምሩ 7,800 ብር ሆነ። የተነጠለውን አሮጌ ቱቦ ሳልጠይቅ አስረከቡኝ። ቅሬታዬ ወደ ሌላው ነው። «ነገ ውሰዳት» የተባልኩት መኪና የደረሰችው በአራተኛው ቀን ነው፤ ስልክ ስደውል የሚያነሣ አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ በባጃጅ ተመላልሻለሁ። ደረሰኝ የለም፤ ሒሳቡ የተጻፈልኝ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ነው፤ ወጪውን ለመሥሪያ ቤት ማቅረብ ያለበት ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ረዳቱ ከሞተሩ ሥር ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ሲመልስ ሁለት ማያያዣ ጥሎብኛል፤ ሽፋኑ አዘዞ እስክደርስ ሲንኳኳ ነበር። ያፈሰሱትን አሮጌ ዘይትም ወደ ቦይ ሲደፉት አይቻለሁ፤ ለባለሙያው ስነግራቸው ፈገግ ብለው ዝም አሉ፤ ይህ አልተዋጠልኝም።

መኪናው በማግሥቱ ለመንገድ የሚፈለግ ሰው እዚያ ባይሄድ ይሻለዋል። ጊዜ ያለው፣ መኪናው አሮጌ የሆነና ዕቃ እየቀያየረ የሰለቸ ሰው ግን ይሂድ፤ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ቢደርስ ባለሙያውን ራሳቸውን ያገኛል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝግ ነው።